የአባቴ የቆዳ ጃኬት ሻገተብኝ፤ ምን ላድርገው?

ሰብለ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። የአባቴን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ሰኔ ላይ ፌስታል አልብሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬው ነበር። ዛሬ ሳወጣው አንገትጌውና ብብቱ ላይ አመድ የተነሰነሰበት መስሏል። ሽታውም የታፈነ ጓዳ ሽታ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለጃኬቱ በጣም ነው የምሳሳለት። በሳሙና ልጠበው ወይስ ላውንደሪ ልውሰደው?

ትዕግሥት፦
አይዞሽ እህቴ፣ ሻጋታ ነው፣ ይለቃል። ብቻ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪው። መጀመሪያ ደጅ አውጪው፤ ቤት ውስጥ ካራገፍሽው ብናኙ ሌላ ልብስ ላይ ያርፋል። አፍንጫሽን ሸፍነሽ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ከዚያ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅለሽ፣ ጨርቅ ነክረሽና ጥሩ አድርገሽ ጨምቀሽ በላዩ አሳልፊበት። ስፌቱን፣ ኪሱንና ገበሩን እንዳትረሺ፤ ሻጋታ እዚያ ነው የሚደበቀው።

ዳዊት፦
ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ከዚያ ዘይት ቀቢው። አለቀ።

ቆዳ ሰፊው፦
ዳዊት ወንድሜ፣ ይሄ ጃኬቱን ይጎዳዋል። ሃያ ዓመት ቆዳ ስሰፋ በፀሐይና በምድጃ የተበላሸ ብዙ አይቻለሁ። ቆዳን የሚያለሰልሰው በውስጡ ያለው ቅባት ነው። ሙቀት ሲያደርቀው ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ደግሞ ቀለሙን ይወስደዋል። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይሸታል፣ አቧራም ይይዛል።

ልጄ ሰብለ፣ የአገራችን የቆዳ ጃኬት ብዙ ጊዜ የበግ ቆዳ ነው፤ ስስ ስለሆነ አትፈትጊው። አቼቶውን በቅድሚያ አንገትጌው ሥር ሞክሪው። ጨርቁ ጥቁር ቀለም ይዞ ከመጣ አቁሚና ለባለሙያ አሳዪው። ቀለሙ ካልለቀቀ ቀጥዪ። ከዚያ ትከሻው እንዳይጣመም በወፍራም ማንጠልጠያ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት አንድ ሁለት ቀን ስቀዪው። በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው የቆዳ ክሬም በስሱ የሚቀባው። የጫማ ቀለም ግን በፍጹም፤ ሸሚዝሽን ያጠቁረዋል።

ሰብለ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የልጄ ጫማም በዝናብ ረጥቦ ሲመጣ ምድጃ ዳር ነው የማስቀምጠው። እሱም ልክ አይደለም ማለት ነው?

ራሄል (ሜሪላንድ)፦
አይደለም የኔ እህት። እኔ አንድ ጥሩ ቦት ጫማዬን ሂተር አጠገብ አድርቄ ሶሉ ተላቀቀብኝ። ጋዜጣ ጨማደሽ ጠቅጥቂበት፣ ሲርስ ቀይሪው። ሌላ ጫማ ካለው እያፈራረቀ ያድርግ፤ አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ። እዚህ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጫማ ላይ ነጭ መስመር ያስቀራል፤ እሱንም የማስለቅቀው በአቼቶና በውሃ ነው።

ቆዳ ሰፊው፦
ዋናው ነገር እንዳይረሳ፦ ፌስታሉን ጣይው። እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረው እሱ ነው። በአቡጀዲ ሸፍኚው። ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው፤ ዝናቡ ባባራ ቁጥር በሩን ክፈቺለት።

ሰብለ (ከአራት ቀን በኋላ)፦
ለቀቀ! ቀለሙም ደህና ነው። ብብቱ ሥር ብቻ ትንሽ ምልክት ቀርቷል። ቁም ሳጥኑን ስናነሳው ግድግዳው ከጀርባው ረጥቦ አገኘነው። እሱ እስኪደርቅ ጃኬቱን መኝታ ቤት በር ላይ ሰቅዬዋለሁ።