65 ኢንች ቲቪ ለጂፕሰም ግድግዳ፦ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ምከሩኝ

የሰኞ ገበያዋ፦
ሰላም የደሴ ልጆች። ቤታችን ሰኞ ገበያ ሰፈር ነው፤ የአባቴ የድሮ ጭቃ ቤት፣ በሲሚንቶ የተለሰነ። ዘንድሮ ሳሎኑን እያሳደስን ነው። ጂፕሰም ሠሪው ለቲቪ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ አውጥቶልናል። ወርዱ 150 ሳንቲ፣ ቁመቱ 90፣ ጥልቀቱ 12። ባለቤቴ «ከግድግዳው እኩል ሆኖ እንደ ፎቶ መታየት አለበት፣ 65 ኢንች ካልሆነ አልገዛም» ብሏል። እኔ 55 ይበቃናል ባይ ነኝ። ከሶፋው እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ከ80 ነው። ከሶፋው ጀርባ ትልቅ መስኮት አለ፤ የጠዋት ፀሐይ በዚያ ነው የምትገባው። እናቴ ከጠዋት ጀምራ እስክትተኛ አንድ ቻናል ላይ ነች፤ ሪሞቱን የሚነካባት የለም።

ሱቅ ስንዞር አንዱ ኦሌድ ይላል፣ አንዱ ኪውሌድ። አንዱማ ቲቪውን ከላይ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ «ይኸው፣ ከስልክሽ ይቀጥናል» አለኝ። የቱን እንግዛ? ሪሲቨሩስ የት ይግባ? ጂፕሰሙ ገና አልተቀባም።

ጠጋኙ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ እህቴ። ሳይቀባ መጠየቅሽ በጀሽ። እኔ ቲቪ እጠግናለሁ፤ እኔ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ ግድግዳቸው ካለቀ በኋላ ነው።

ሻጩ የቆነጠጠልሽ ላዩን ነው። ኦሌድ ከኋላ መብራት የለውም፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች። ላዩ የሚሳሳው ለዚያ ነው። ግን ፓወር ቦርዱ፣ ስፒከሩ፣ መሰኪያው ሁሉ ታች ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። ሆዱ በብዙዎቹ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ይሆናል። ስትገዢ ሆዱን ለኪ። ለብራኬቱ፣ ማለት ቲቪውን ግድግዳ ላይ ለሚይዘው ብረት፣ ሌላ ሁለት ሦስት ሳንቲ ጨምሪ።

አሁን አስቢው። 12 ሳንቲ ጥልቀት አለሽ። 7 ሳንቲ የሚወፍር ቲቪ ብትገዢ እንኳ ከግድግዳው አይወጣም። ታዲያ ለቅጥነት ለምን ትከፍያለሽ? ቅጥነቱን ጂፕሰም ሠሪው ሰጥቶሻል። እንዲያውም ኪውሌድን ጨምሮ ከኦሌድ ውጪ ባሉት፣ ከኋላ መብራት በሚሹት፣ በጣም የቀጠኑት መብራታቸው ጠርዝ ላይ ነው የሚደረደረው፤ ጨለማ ትዕይንት ሲመጣ ጥጉ ነጣ ነጣ ይላል። መብራቱ ከጀርባው ሙሉ የተደረደረው ትንሽ ይወፍራል፣ ግን ብርሃኑ እኩል ነው። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው።

ኦሌድ ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን እናትሽ ቀኑን ሙሉ አንድ ቻናል ካዩ፣ የቻናሉ አርማ ጥጉ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል። የጠዋቷን ፀሐይም አትርሺ። ብርሃኑ ጠንከር ያለ ኪውሌድ ውሰዱ፤ መጋረጃም ጨምሩ።

ስለ መጠኑ ከባለቤትሽ ጋር ነኝ። የ65 ሰያፉ 165 ሳንቲ ነው። አንድ ተኩል ጊዜ ስታበዢው 2 ሜትር ተኩል ያህል ይመጣል፤ ከሶፋሽ ርቀት ብዙም አይርቅም። ችግሩ ጎድጓዳው ነው። 65 ኢንች ወርዱ 145 ገደማ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ተኩል ነው የሚተርፍሽ። እጅ አይገባም። አንድ ገመድ ለመንቀል ቲቪውን ማውረድ ሊሆን ነው። ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ደሴ ብርድ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ብርዱ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። በየጎኑ 10 ሳንቲ ይተውልሽ።

መሰኪያዎቹ ወደ ጎን የሚያዩ ይሁኑ። ቀጥ ብለው ወደ ኋላ የሚያዩት ገመዱን ከግድግዳ ጋር ያጣሉታል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠለው ፓወር ቦርዱ ነው። መብራቱ ሲመለስ ትንሽ ቆይቶ የሚያስገባ መከላከያ አድርጉ። ከአንድ ሺህ ምክር እሱ ይሻላል።

ልስን፦
የጂፕሰም ሠራተኛ ነኝ። ጠጋኙ ያላነሳውን ልጨምር፤ ግድግዳው ጭቃ ነው ብለሻል። 65 ኢንች ብዙውን ጊዜ 20 ኪሎ ገደማ ነው። ጂፕሰም አይሸከመውም። ጭቃውም ፊሸር (ብሎን የሚገባበትን ፕላስቲክ) አይዝም። ልስኑን አንኳኩታችሁ የቤቱን ቋሚ እንጨቶች ፈልጉ። 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ከእንጨቶቹ ጋር በረጅም ብሎን ይታሰር፣ ጂፕሰሙ ከላዩ ይመጣል። ብራኬቱ የሚያዘው ከኮምፔርሳቶው ነው። ቦታውን ፎቶ አንሺው፣ በኋላ ይጠፋብሻል።

ሪሲቨሩ ከታች መሳቢያ ውስጥ ይግባ፤ በሩ ግን ክፍት ወይም ወንፊት ይሁን፤ አለዚያ ሪሞቱ አያገኘውም። ከቲቪው እስከዚያ ድረስ 50 ሚሊ የፍሳሽ ፒቪሲ ቅበሩ። ኤሌክትሪሻኑ ቀጭኗን ቱቦ ያስገባላችኋል፤ ሪሲቨሩን ከቲቪው የሚያገናኘው የኤችዲኤምአይ ገመድ ጭንቅላት በእሷ አያልፍም። የመብራት ሽቦው በሌላ ቱቦ ይሂድ።

ደግሞ በጣም ከፍ አድርጋችሁ አታሰቅሉት። የቲቪው መሃል ከወለሉ 1 ሜትር ከ10 ገደማ ቢሆን ይበቃል። ሰው እንደ ጦሳ ተራራ ቀና ብሎ ማየት የለበትም።

ከሐረጎ ማዶ፦
ከአዲስ አበባ የምታስመጡት ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንድሜ በሕዝብ መኪና አስመጣ፤ ካርቶኑን አስተኝተው ጆንያ ጫኑበት። 400 ኪሎ ሜትር መጥቶ ሲከፈት ከመሃሉ ተሰንጥቋል። ቲቪ ቆሞ ነው የሚሄደው። ከኮምቦልቻ ብትገዙም ያው ነው፤ በመንገዱ ላይ ያለውን የሐረጎን ጥምዝ አትናቁት።

ቆጣቢው፦
እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ቲቪ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይቀየራል፣ ግድግዳ አይቀየርም። ቀጣዩ 75 ኢንች ቢሆን ጂፕሰሙን ልታፈርሺው ነው? ሜዳውን ግድግዳ ተዉትና ቲቪውን ስቀሉት፣ አለቀ።

የሰኞ ገበያዋ፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ቆጣቢው፣ ባለቤቴ ሰምቶሃል፤ ተኮሳትሯል። ጂፕሰም ሠሪው ነገ መጥቶ ጎድጓዳውን ወርዱን 170፣ ቁመቱን 105 ያደርገዋል፤ ኮምፔርሳቶውንም ተስማምተናል። ኦሌዱን ትተናል። ቋሚዎቹን ዛሬ ሳንኳኳ ዋልኩ፤ ሁለቱ ተገኝተዋል፣ ሦስተኛው አባቴ የት እንዳቆመው እንጃ።

እናቴ ግን ጥያቄዋ ሌላ ነው፤ «ቡፌዬ የት ሊሄድ ነው?»

ጠጋኙ ከኮምቦልቻ፦
እሱን እኔም ቤት አልፈታሁትም።