ትናንሽ ፋይሎች ወደ ጋራ ሰርቨር ሲጻፉ ለምን ይዘገያሉ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦ በአንድ አነስተኛ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ እሠራለሁ። ስድስት ኮምፒዩተሮች በጊጋቢት ስዊች (የኔትወርክ ማገናኛ መሣሪያ) በኩል አንድ የሊኑክስ ሰርቨር በኤን.ኤፍ.ኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ ማጋሪያ ሥርዓት) ይጋራሉ፤ ሰርቨሩም እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ተሽከርካሪ ዲስኮች በሬይድ 5 (አንዱ ቢበላሽ መረጃው እንዳይጠፋ ዲስኮችን በሚያጣምር ዘዴ) ተዋቅረውለታል። ትልቅ ፋይል ሳነብ በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ አገኛለሁ፤ 6,000 ያህል ትናንሽ ፋይሎች ያሉበትን የፕሮጀክት ፎልደር ስገለብጥበት ግን ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ስዊቹን ለመቀየር አስቤያለሁና ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ።

መልስ 1፦ ስዊቹን አይንኩት። የጊጋቢት መስመር ጣሪያው በሴኮንድ 125 ሜጋባይት ስለሆነ፣ 110 የሚያገኝ ሰው መስመሩ ጤነኛ ነው። በሰርቨሩ የኤክስፖርትስ ፋይል (የሚጋሩት ፎልደሮች በሚዘረዘሩበት) ላይ «ሲንክ» (ዲስክ ላይ ሳይጻፍ መልስ አይሰጥ) የሚለውን «አሲንክ» ያድርጉት፤ ለውጡን ወዲያው ያዩታል።

መልስ 2 (አዳማ)፦ ፍጥነቱ እንደሚጨምር አልክድም፤ ዋጋው ግን አልተነገረም። በአሲንክ ጊዜ ሰርቨሩ መረጃው ገና ሜሞሪ ላይ ሳለ «ጽፌዋለሁ» ብሎ ስለሚመልስ፣ በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተርዎ የተቀመጠ የመሰለው ፋይል የለም ማለት ነው፤ ለዚህም ምንም ዓይነት የስሕተት መልእክት አይደርስዎትም። የመዘግየቱ ምክንያት ሌላ ነው። እያንዳንዱ ፋይል ሲፈጠርና ሲዘጋ ሰርቨሩ ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ አይመልስም፤ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ደግሞ ለአንድ ዙር ብቻ 8.3 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። በዚያ ላይ ሬይድ 5 ትንሽ ነገር ለመጻፍ የቀድሞውን መረጃና ፓሪቲ (የጠፋ መረጃ ማስመለሻ ስሌት) አንብቦ ሁለቱንም እንደገና ስለሚጽፍ፣ አንዱ ሥራ አራት ይሆንበታል። አሲንክን ለአምስት ደቂቃ መመርመሪያ ብቻ ያድርጉትና ይመልሱት።

ጠያቂ፦ በሙከራ ፎልደር አደረግሁት፤ ዘጠኙ ደቂቃ ወደ 40 ሴኮንድ ወረደ። ወደ ሲንክ መልሼዋለሁ። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ) ስላለን እንደዚያው ብተወውስ?

መልስ 2፦ ዩፒኤስ የሰርቨሩን በራሱ መቆም አያስቀርም፤ የባትሪውንም ዕድሜ የሚያውቅ ቢሮ ብዙ አላየሁም። የፋይል ሲስተምዎ (በዲስኩ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) ኤክስት 4 ከሆነ ጆርናሉን (ለውጦች አስቀድመው የሚመዘገቡበትን ቦታ) ወደ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) አውጥተው፣ መረጃውም ጭምር በጆርናሉ እንዲያልፍ ያድርጉ። ኤስኤስዲው ግን መብራት ሲቋረጥ የጀመረውን የሚያስጨርስ ካፓሲተር (ለአፍታ ኃይል የሚያቆይ ክፍል) ያለው ይሁን፤ ለላፕቶፕ የሚሸጠው ርካሹ ለዚህ አይሆንም። ከተቻለም ጥንድ ገዝተው አንዱን የሌላው ቅጂ ያድርጉት።

መልስ 3፦ አራቱን ዲስኮች ወደ ሬይድ 10 (ፓሪቲ ሳይኖር ዲስኮቹ በጥንድ አንዱ የሌላውን ቅጂ የሚይዙበት ዘዴ) መቀየርም ይረዳል፤ ነገር ግን የሚጠቀሙበት ቦታ ከ12 ወደ 8 ቴራባይት ይወርዳል፣ ሙሉ ባክአፕም ሳይያዝ አይጀመርም። እስከዚያው ፎልደሩን በታር (ብዙ ፋይሎችን ወደ አንድ በሚያጠቃልል ፕሮግራም) ጠቅልለው በኤስኤስኤች (ከሰርቨር ጋር በምስጢር መገናኛ መንገድ) ይላኩና ሰርቨሩ ላይ ይፍቱት፤ ፋይል በፋይል የሚደረገው ምልልስ ይቀራል።

ጠያቂ፦ የታሩን መንገድ ዛሬ ሞክሬው ከአንድ ደቂቃ በታች ጨረሰ። ለስዊች የተያዘው ገንዘብ ለሁለት ኤስኤስዲ እንዲውል ጠይቄያለሁ።