የተበተነው ዕንቁ፦ በጋራ ኮሚክ መጽሐፋችን ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ከሰብሳቢዋ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

በጋራ ልንሠራው የተስማማንበት የልዕለ ጀግና ኮሚክ ረቂቅ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ምትሃታዊ ኃይል ያለው አንድ ትልቅ ዕንቁ ተሰብሮ ሰባት ስባሪዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አንዲት ወጣት እነዚህን አንድ በአንድ ፈልጋ ታገኛለች፤ እያንዳንዱ ስባሪ አዲስ ኃይል ይሰጣታል፤ ዕንቁውን ለራሱ የሚሻ ባላንጣም ከኋላዋ ይከተላል። መጽሐፉ 96 ገጽ እንዲኖረው፣ ምዕራፎቹንም የተለያዩ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች እንዲከፋፈሏቸው ታስቧል። ረቂቁን ለማጽደቅ አልቸኩልም። የመጨረሻው ፕሮፖዛል የሁላችንም ስም የሚሰፍርበት ስለሆነ፣ የምትስማሙበትን ብቻ ሳይሆን የማይዋጥላችሁንም በግልጽ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

ከኅትመት አስተባባሪው

ከቁጥሩ ልጀምር። ማተሚያ ቤቶች ብዙውን ጊዜ አንዱን ትልቅ ወረቀት አጥፈው 16 ገጽ ስለሚያወጡበት፣ 96 ገጽ ስድስት ሙሉ እጥፍ ይሆናል፤ ባዶ ገጽም አይተርፍም። ከዚህ ውስጥ 4 ገጽ ለርዕስና ለመግቢያ፣ 12 ገጽ ለታሪኩ መነሻ፣ 16 ገጽ ለመደምደሚያው ብንይዝ ለፍለጋው የሚቀረን 64 ገጽ ነው። ይህ ለሰባት ሲካፈል ለአንድ ስባሪ ዘጠኝ ገጽ ያህል ብቻ ይደርሰዋል። በዘጠኝ ገጽ ውስጥ ጀግናዋ ደርሳ፣ ታግላ፣ ስባሪውን ይዛ ከመሄድ በቀር ሌላ ነገር ልታደርግ አትችልም፤ ያው ነገር ደግሞ ሰባት ጊዜ ይደጋገማል። ስባሪዎቹን አራት ብናደርጋቸው እያንዳንዱ ምዕራፍ 16 ገጽ ያገኛል፤ በገጽ በአማካይ አምስት ፓኔል (በክፈፍ የተለየ አንድ ሥዕል) ብንይዝም 80 ፓኔል ይኖረዋል ማለት ነው።

በተረፈ፣ በአራት ቀለም ከማተም ይልቅ በጥቁርና በአንድ ተጨማሪ ቀለም ብቻ ብናትም ወጪው ይቀንሳል። ያ ተጨማሪ ቀለም ለዕንቁው ብቻ እንዲውል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከድርሰት ክፍል

አራት ስባሪ በሚለው እስማማለሁ። ሆኖም ከቁጥሩ የሚቀድም ጥያቄ አለኝ፤ ዕንቁው ምን ዓይነት ድንጋይ ነው? ረቂቁ «ምትሃታዊ» ብሎ አልፎታል። እንዲህ ያለ የፍለጋ ታሪክ የሚላላው ስባሪዎቹ የሚቆጠሩ ሽልማቶች ብቻ ሆነው፣ ስብራቱ ራሱ በታሪኩ ውስጥ ምንም ሥራ ሳይኖረው ሲቀር ነው።

ስለዚህ ዕንቁው ኳርትዝ፣ ማለትም ብርጭቆ የሚመስለው የተለመደ የድንጋይ ማዕድን እንዲሆን እጠይቃለሁ። አልማዝ ድንጋዮች መጫርን የመቋቋም አቅማቸው ከ1 እስከ 10 በሚመደብበት የሞስ የጥንካሬ መለኪያ 10ኛው ደረጃ ላይ ቢቀመጥም፣ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ጠፍጣፋና ለስላሳ ሆኖ ይሰነጠቃል። 7ኛው ደረጃ ላይ ያለው ኳርትዝ ግን የሚሰበረው እንደ ወፍራም ጠርሙስ ጎድጎድና ጠመዝመዝ ብሎ፣ ጠርዙም ስለት ሆኖ ስለሆነ፣ የአንዱ ስባሪ ፊት የሚገጥመው አብሮት ከነበረው ስባሪ ጋር ብቻ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች ኳርትዝ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጥር አሳይተዋል። ሁለት የኳርትዝ ቁራጮች በጨለማ ሲፋተጉም ብርሃን ይሰጣሉ። ይህንን በእጄ ሞክሬዋለሁ። ነጫጭ የኳርትዝ ጠጠሮች ይዤ መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ከጠበቅሁ በኋላ አጥብቄ ሳፋትጋቸው፣ ከጠጠሩ ሆድ የመጣ የሚመስል ቢጫ ብርሃን ፈካ፤ እጄን ባቆምሁበት ቅጽበትም ድርግም አለ። የተቃጠለ ነገር የመሰለ ሽታ ብቻ ቀረ።

ለታሪካችን የሚሆነው ሕግ ከዚህ ይወጣል። ዕንቁው ኃይል የሚሰጠው በተጫኑት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሲለቁት ያቆማል። ጀግናዋ ኃይሉን እንደ ልብስ ለብሳው አትዞርም። በፈለገችው ቁጥር ስለታሙን ስባሪ በመዳፏ መጨበጥና መጫን አለባት፤ እርሱም ይቆርጣታል።

ባላንጣውንም ከዚሁ ድንጋይ እናውጣው። ሁሉንም ለራሱ የሚሻ ክፉ ሰው ስንት ጊዜ አንብበናል። የእኛው ባላንጣ ዕንቁ ጠራቢ ይሁን፤ እንዲህ ያለ ኃይል በአንድ ሰው እጅ መከማቸት የለበትም ብሎ ከልቡ ስለሚያምን፣ ስባሪዎቹን ሰብስቦ፣ ጠርቦና አለስልሶ ለብዙ ሰዎች ማደል ይፈልጋል። በሐሳቡ ውስጥ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጠረበ ፊት ዳግመኛ አይገጥምም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘው ኩሊናን የተባለው አልማዝ 3,106 ካራት ይመዝን ነበር። በ1908 ተከፋፍሎ መጠረብ ሲጀምር 9 ትላልቅና 96 ትናንሽ ዕንቁዎች ወጡት፤ የእነዚህ ክብደት ሲደመር ግን ከመነሻው ሲሶ ያህል ብቻ ነበር። ያንን ድንጋይ ዛሬ መልሶ የሚገጥመው የለም። የእኛ ጠራቢ መሣሪያም መድፍ ሳይሆን የሚሽከረከር ሞረድ ነው፤ ጀግናዋ የምትሽቀዳደመውም ከዚያ ሞረድ ጋር ነው።

ከሥዕል ክፍል

ይህ ሕግ ለሠዓሊዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ምዕራፎቹን አራት ሰዎች ሲስሏቸው የጀግናዋ መልክ ከእጅ ወደ እጅ መለዋወጡ አይቀርም፤ በቀድሞው የጋራ ሥራችን ላይ አንዳንድ አንባቢዎች በሦስተኛው ምዕራፍ አዲስ ገጸ ባሕርይ የገባ መስሏቸው እንደነበረ አልረሳሁም። አሁን ግን መዳፏ ያስተሳስረናል። በየምዕራፉ አንድ ጠባሳ ይጨመርበታል፤ አንባቢው የትኛውን ገጽ ቢገልጥ ታሪኩ የት እንደደረሰ ከእጇ ላይ ያነባል። ስለሆነም ከፊቷ አስቀድሜ የቀኝ መዳፏን ከአምስት አቅጣጫ የሚያሳይ የጋራ መመሪያ ገጽ አዘጋጃለሁ።

የመጀመሪያው ስባሪ የሚገኝበትን ገጽ በእርሳስ ሞክሬዋለሁ፤ አራት ፓኔል አለው። በላይኛው፣ በሰፊው፣ ጨለማ የዋጠው ዋሻ ጥግ ላይ ጀግናዋ ትንሽ ሆና ትታያለች። በሁለተኛው ሁለት ጣቶች ስባሪውን ከጭቃ ውስጥ ይመዝዛሉ። በሦስተኛው መዳፏ ይጨበጣል፤ ቀለም ገና የለም። አራተኛው ጠባብ ነው፤ በጣቶቿ መካከል ቀጭን የቀለም መስመር ብቅ ይላል፣ ከሥሩም አንድ ጥቁር ጠብታ ይንጠለጠላል። ገጹ በቀኝ በኩል እንዲውል ከተደረገ፣ ኃይሉ ምን እንደሆነ የሚታየው አንባቢው ገጹን ሲገልጥ ነው። በዚህ ገጽ ላይ አንድም ንግግር እንዳይጻፍበት ለደራሲዎቻችን አደራ እላለሁ። ደሙም ጥቁር ሆኖ ይቅር፤ ቀለሙ የዕንቁው ብቻ ይሁን ያልነውን በመጀመሪያው ምዕራፍ ካፈረስነው በኋላ ልንመልሰው አንችልም። የቀለሙን ዓይነት በተመለከተ፣ አሜቲስት የተባለው ሐምራዊ ዕንቁ የኳርትዝ ዘር ስለሆነ ሐምራዊን እመርጣለሁ።

ከአንድ አባል

እስካሁን የተባለው ደስ ብሎኛል፤ የማይዋጥልኝ ግን መደምደሚያው ነው። ዕንቁው ተመልሶ ሙሉ ከሆነ የጠራቢው ስጋት እውነት ሆነ፤ አንዲት ሴት ኃይሉን ሁሉ ይዛ ቀረች። ሙሉ ካልሆነ ደግሞ ሰማንያ ገጽ የተከተለንን አንባቢ በባዶ እጁ ሸኘነው። ልጆች የተጀመረ ፍለጋ ሲያልቅ ማየት ይፈልጋሉ፤ ይህንን እንደ ቀላል ነገር እንዳናየው እለምናለሁ።

ከድርሰት ክፍል

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ያልመለስሁት ነበር። ከጥንታውያኑ ፍለጋዎች አንዱ መንገድ ያሳየን ይመስለኛል። ጥንታዊው የግሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ በጻፈው የግብፅ ተረት ውስጥ ኦሲሪስ የተባለው አምላክ አካል 14 ቦታ ተቆራርጦ ሲበተን ሚስቱ ኢሲስ እየዞረች ትሰበስበዋለች፤ አንዱን ክፍል ግን ዓሦች በልተውት ስለነበር አታገኘውም፤ በምትኩም አምሳያውን ሠርታ ትተካዋለች። ፍለጋዋ አልከሸፈም፤ የጎደለውን የሞላው ግን የራሷ የእጅ ሥራ ነው።

ጀግናችን አራተኛው ስባሪ ዘንድ ስትደርስ ጠራቢው አንዱን ፊት አለስልሶ ጨርሶታል እንበል። ሦስቱ ስባሪዎች ይገጥማሉ፤ አራተኛው ግን ይንሸራተታል። በቦታው የሚቆየው እርሷ ከአንድ በኩል፣ ጠራቢው ከሌላው በኩል በመዳፋቸው ከተጫኑት ብቻ ነው፤ አንዳቸው እጃቸውን ባነሡበት ቅጽበት ብርሃኑ ይጠፋል። ዕንቁው ይሠራል፣ ፍለጋውም ያልቃል፤ ኃይሉን ለብቻው ይዞት የሚሄድ ሰው ግን አይኖርም። ጠራቢውም መዳፉ ሲቆረጥ የመጀመሪያው ይሆናል።

ከሰብሳቢዋ

ተቃውሞ ያቀረቡት አባላችን በዚህ መልስ መስማማታቸውን ስለገለጹልኝ፣ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽዬዋለሁ፦ «በተጫኑት ጊዜ ብቻ ኃይል የሚሰጥ የኳርትዝ ዕንቁ አራት ቦታ ተሰብሯል፤ አንዲት ወጣት ስባሪዎቹን ለመግጠም፣ አንድ ጠራቢ ደግሞ ለማለስለስና ለማደል ይሽቀዳደማሉ፤ ዕንቁው በመጨረሻ የሚሠራው በሁለቱ እጅ ነው።» የገጹ ክፍፍል የኅትመት አስተባባሪያችን ባቀረቡት መሠረት ይጸናል፤ ቀለሙም ሐምራዊ ይሆናል። የጀግናዋን ስም የመጀመሪያው ምዕራፍ ደራሲ ያቀርባሉ።

የመደምደሚያው 16 ገጽ ለማን ይሰጥ የሚለው ሳይወሰን ቆይቷል። እኔ ለሁለት ሠዓሊዎች እንዲሰጥ፣ አንዳቸው የጀግናዋን፣ ሌላቸው የጠራቢውን እጅ እንዲስሉ አስባለሁ፤ የሥዕል ክፍሉ የመዳፉን መመሪያ ገጽ ሲያቀርብ ይህም ይቻል እንደሆነ አብሮ እንዲያሳውቀን እጠይቃለሁ።