ብርድ አገር ላይ ሶላር የውሃ ማሞቂያ ያስገባችሁ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ደብረ ብርሃን ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። 200 ሊትር የሚይዘው ቦይለሬ ውሃውን ከ12 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ ብቻ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንግዳው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ደጄ ላይ ይቆማል። ምን ልበለው?

ወደ ሶላር ልቀይር ብዬ ሁለት ባለሙያ ጠራሁ። አንዱ ጠፍጣፋ ሳጥን የሚመስለውን ዓይነት ውሰድ አለኝ። ሌላው «በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውሃው ውስጡ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቅብሃል፤ ባለ መስታወት ቱቦው ይሻልሃል» አለ። እሺ፣ እሱን ልግዛ። ግን ሮቶዬ ከጣሪያው እኩል ነው፤ ውሃው ጣሪያው ላይ ከሶላሩ ጋር ወደሚቀመጠው ታንከር በራሱ አይወጣም።

የሮቶውን ማማ ላስረዝም ወይስ ፓምፕ ልግጠም? ክረምት በደመናውስ እንዴት ታደርጋላችሁ? አሮጌውን ቦይለር ለመጠባበቂያ አብሮ የቀጠለ ሰው ካለ ይንገረኝ።