ፌንሱን ቀየርኩ፣ ጋርዱ አልገባ አለ፤ የትኛውን ልግዛ?

አናጺው ከጠባሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የበርና የመስኮት ፍሬም እንሠራለን። እንጨታችን በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ሰርኩላር መጋዜ የአሜሪካ ሥሪት ነው፣ ባለ 10 ኢንች። አሮጌ ነው፣ ግን ጉልበት አለው። ከአዲስ አበባ ነው ያገለገለ የገዛሁት።

የድሮው ፌንስ፣ ማለትም እንጨቱ ተደግፎት የሚገፋበት ቀጥ ያለ መምሪያ፣ አሳሩን አሳይቶኛል። ከፊት ስታስረው ከኋላ ይሸሻል። ጠዋት ጠዋት ከዲስኩ ፊትና ኋላ በሜትር እየለካሁ ነበር የማቃናው። አምና አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ በኮንቴይነር ዕቃ ሲልክ አዲስ ፌንስ ጨመረልኝ። ቲ ቅርጽ ያለው፣ ከፊት ብቻ የሚቆለፈው፣ እዚያ ቢዝማየር የሚሉት ዓይነት ነው። ከወፍራም ቱቦላሬ የተሠራ ነው። ሥራዬን ቀየረው ብል ማጋነን አይደለም። አንዴ ቆልፌው 40 ሞራሌ ስሰነጥቅ የመጀመሪያውና የመጨረሻው እኩል ይወጣሉ።

ችግሩ ጋርዱ ላይ፣ ማለትም ዲስኩን ከላይ የሚሸፍነው መከለያ ላይ መጣ። ከማሽኑ ጋር የመጣው ጋርድ ከኋላ በሁለት ብሎን በሚታሰር ብረት ላይ ነው የሚቀመጠው። የአዲሱ ፌንስ የኋላ አንግል ብረት ደግሞ ልክ ብሎኖቹ ቦታ ላይ አረፈ። ስለዚህ ለጊዜው ብዬ ጋርዱን ፈታሁት። ለጊዜው ያልኩት 5 ወር ሆነው።

ያለፈው ማክሰኞ ውስጡ ገና ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየሰነጠቅኩ ነበር። ከግማሽ በላይ እንዳለፈ የተሰነጠቀው ቦታ ቀስ እያለ ሲዘጋ በዓይኔ አየሁት። ሁለቱ ክፋዮች ዲስኩን ነከሱት። ሞተሩ አቃሰተ። ከዚያ ጣውላው ከእጄ ወጣ። ረዳቴ ከኋላዬ በስተግራ ቆሞ ሰጋቱራ እየጠረገ ነበር። በወገቡ አጠገብ አልፎ የጭቃውን ግድግዳ ልስን አወረደው። ልጁ 19 ዓመቱ ነው። እናቱ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም።

አሁን ጋርድ ልገዛ ነው። ከላይ በክንድ የሚንጠለጠል አለ፣ ከኋላ የሚታሰር አለ፣ ፌንሱ ላይ የሚገጠምም አይቻለሁ። ከዚህ ፌንስ ጋር የሚስማማው የቱ ነው? ፌንሱን መልሼ መፍታት አልፈልግም። ደግሞ ለመስኮት 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች በብዛት አወጣለሁ፤ ጋርዱ ፌንሱን አይገጨውም ወይ? በካሊፐር የለካሁት፦ የዲስኩ ጥርስ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ የዲስኩ አካል 2.2፣ የፌንሱ ቁመት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ።

ቴክኒክ መምህር

ወንድሜ፣ እንኳን እግዚአብሔር ልጁን አተረፈው።

ሁለት ነገር አንድ ላይ አድርገህ እየጠየቅክ ነው፣ እንለያቸው። ጋርድ የሚጠብቀው እጅህንና ዓይንህን ነው። ያንን ጣውላ ሊያስቆምልህ ይችል የነበረው ግን ጋርዱ ሳይሆን ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው ቀጭን ብረት ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የኋላ ቢላ እለዋለሁ። በአንተ ማሽን ላይ ሁለቱ በአንድ ብረት ተያይዘው ስለመጡ ጋርዱን ስትፈታ ቢላውም አብሮ ወጣ።

ባሕር ዛፍ ለሚሰነጥቅ ሰው ደግሞ ይሄ ቢላ የግድ ነው። ዛፉ ቆሞ ሲያድግ ውጭው ይወጠራል፣ መሃሉ ይጨመቃል። ስትሰነጥቀው ያ ውጥረት ይፈታል። አንዱ ክፋይ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ሌላው ተመልሶ ዲስኩ ላይ ይተኛል። ያየኸው እሱን ነው። ዋንዛ ላይ ይህን ያህል አያስቸግርም።

የቢላው ውፍረት ከዲስኩ አካል መብለጥ፣ ከጥርሱ ማነስ አለበት። ባንተ ልክ 2.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብታደርግ ክፍተቱ መዘጋቱን አያስቀርም። 3.2 ከሆነ ደግሞ እንጨቱ ራሱ አይገባም። ቀጭን ዲስክ የገዛህ ቀን ቢላውም ይቀየራል። የዲስኩና የቢላው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። ያንተ የድሮ ሥሪት ስለሆነ ዲስኩን ስታወርድ ቢላው አብሮ አይወርድም፣ ርቀቱ ይሰፋል። ስለዚህ ዲስኩን ሁሌ ለእንጨቱ በሚበቃው ቁመት አቁመህ እዚያ ላይ ለካ።

ስለ ጋርዱ ምርጫዬ ከላይ የሚንጠለጠለው ነው። ፌንሱ ላይ የሚገጠመውን ተወው፤ ፌንሱን በጠባብ ልክ ስትቆልፍ ጋርዱ ራሱ ዲስኩ ላይ ይመጣብሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ደብረ ብርሃንን አውቃታለሁ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ጣት ያደነዝዛል። ቢሆንም በጓንት ወይም ጋቢ ደርባችሁ ማሽኑ ጋ አትቁሙ። ዲስኩ የጨርቅ ጫፍ ከያዘ እጅን ይዞ ነው የሚገባው።

ቶርኖ ቤት ደብረ ሲና

መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ለቢላው አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግህም። የኋላውን አንግል ብረት ቁረጠው።

አትደንግጥ። የዚያ ዓይነት ፌንስ የሚቆለፈው ከፊት ብቻ ነው። የኋላው ብረት ጫፉ እንዲንሸራተትበት ወይም የጎን ጠረጴዛ እንዲሸከም ነው እንጂ ልኩን አይጠብቅም። ብሎኖቹ ባሉበት ቦታ ላይ የድሮው ብረት የሚያስገባ ያህል በግራይንደር ክፈትለት። ከመቁረጥህ በፊት ዲስኩን 45 ዲግሪ አጋድመህ እይ፤ ቢላው አብሮ ስለሚጋደም ክፍተቱ ወደዚያ በኩልም መስፋት አለበት። ይሄን ረስቶ ሁለቴ የቆረጠ ደንበኛ አለኝ። የጎን ጠረጴዛህ በዚያ ብረት ላይ ከተንጠለጠለ ደግሞ ጫፉ ላይ ከቱቦላሬ እግር በይድለት፣ አለዚያ ይዘምማል።

የተንጠልጣዩን ጋርድ ክንድም ከቱቦላሬ መሥራት ይቻላል። ምሰሶው በቀኝ በኩል ይሁን፣ ፌንሱ እስከ መጨረሻ ከሚሄድበት አልፎ። በግራ ካቆምከው ሰፊ ኮምፔንሳቶ ስትቆርጥ ይገጭሃል። ከኋላ ካቆምከው ረጅም ጣውላ መውጫ ያጣል። ከጣሪያው አውራጅ ላይ እንዳትሰቅለው፤ የቆርቆሮ ቤት ነፋስ ሲመታው ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ እሱ ላይ እሰረው።

ካቢኔት ሠሪዋ ከሸዋ ሮቢት

እኔ የማውቀውን የቀጫጭኑን ጉዳይ ልመልስልህ። አዎ፣ ይገጨዋል። ባለ 6 ሳንቲ ፌንስ ቁመት ላይ የጋርዱ ጎን አርፎ ይቀራል። ብዙ ሰው ጋርዱን የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ፈቶ ደግሞ አይመልሰውም።

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ዝቅ ያለ ሁለተኛ ፌንስ ሠርቻለሁ። ቁመቱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 8 ሳንቲ የሆነ ቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ነው፣ ከአንድ ቁም እንጨት ጋር በኤል ቅርጽ የተያያዘ። ዋናው ፌንስ ላይ በሞርሳ አስረዋለሁ። አሁን ዋናው ፌንስ 8 ሳንቲ ርቋል፣ ጋርዱ በነፃነት ይወርዳል፣ ዝቅ ያለችው እንጨት ከጋርዱ ሥር ትገባለች። መግፊያ እንጨትም ያልፋል። ያኔ የፌንሱን ሜትር አትመነው፤ ከጥርሱ እስከ ዝቅተኛው እንጨት በእጅህ ለካ።

ጋርድ ስትመርጥ ግራና ቀኝ ጎኑ ለየብቻ የሚነሳውን ፈልግ። አንዱ ፌንሱ ላይ ሲያርፍ ሌላው ወርዶ ዲስኩን ይሸፍናል።

አናጺው ከጠባሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ቶርኖ ቤት፣ አንቺም እህቴ።

ቅዳሜ የኋላውን ብረት ቆረጥን። መጀመሪያ ዲስኩን አጋደምኩ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፤ ክፍተቱ 14 ሳንቲ ሆነ። የጎን ጠረጴዛው እግር ተበየደለት። የድሮው ቢላ 2.5 ሆኖ ተገኘ። ከዲስኩ ጋር ቀጥ ማለቱን በረጅም ማስመሪያ በሁለቱም በኩል አየሁ፤ አንድ ሮንዴላ ጨምሬ ነው የተስተካከለው።

ከዚያ ከዚያው እርጥብ ባሕር ዛፍ የቀረውን ጣውላ አመጣሁ። ልጁን ከኋላዬ ሳይሆን ከማሽኑ ጎን አቆምኩት። ግማሽ ላይ ሲደርስ እንደዚያን ቀን ክፍተቱ መጥበብ ጀመረ። ሁለቱ ክፋዮች መጥተው ቢላው ላይ ተጣበቁ። መግፋቱ ከበደ እንጂ ዲስኩን አልነካም። ማሽኑን አጥፍቼ ክፍተቱ ውስጥ ሽብልቅ ከተን ጨረስነው።

የቀረኝ ተንጠልጣዩ ጋርድ ነው። ክንዱን ብየዳ ቤት አዝዣለሁ፣ ጎኖቹ ለየብቻ የሚነሱ አድርገው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ አይቻለሁ፤ እሱ ይሆናል?

ቴክኒክ መምህር

ማስታወቂያ ሠሪዎች ጋ ያለው ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ነው፣ ሲመታ ይሰበራል፣ ስብርባሪውም ስለት አለው። ፖሊካርቦኔት በል። ቁራጭ ስጡኝ ብለህ ጫፉን በጨርቅ ይዘህ እጠፈው። አክሪሊክ ከሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ፖሊካርቦኔት ይጎብጣል። 4 ሚሊ ሜትር ይበቃሃል።

አናጺው ከጠባሴ

እሺ መምህር። ሰኞ አዲስ አበባ እወርዳለሁ፣ እጠይቃለሁ።