ስቶክሆልም ለምትገቡ፦ ስለ ቤት ወረፋና ስለ አንድራ ሃንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዲት እህታችን «ስዊድን ኪራይ በሕግ የተያዘ ነው ሲሉኝ ነበር፤ ታዲያ ለአንድ ክፍል ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃለች። በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ልመልስላት።

እህቴ፣ የነገሩሽ እውነት ነው። ኪራዩ በየዓመቱ በአከራዮችና በተከራዮች ማኅበር ድርድር ይወሰናል። አከራይ እንዳሻው አይጨምርም። ችግሩ ቤቱን ማግኘቱ ላይ ነው። የከተማው ወረፋ ላይ ከ700,000 በላይ ሰው ተመዝግቧል። በአማካይ 9 ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፤ መሃል ከተማማ ከዚያም በላይ ነው።

አዲስ የመጣ ሰው እስከዚያ የት ይደር? ያለው አንድራ ሃንድ ነው፤ ውሉ በእጁ ካለ ሰው ላይ መከራየት።

እኔ በ4 ዓመት 6 ቤት ቀይሬያለሁ። ሁስቢ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር በነበርኩበት ቤት፣ በሩ ላይ ካለው የፖስታ ማስገቢያ በላይ የባለ ውሉ ስም አለ። የኔ ስም ከሥሩ በቁራጭ ወረቀት ተለጥፏል። የድርጅቱ ፈቃድ ስላልነበረን፣ ከቤቱ ባለቤት ድርጅት ሰው ይመጣል በተባለ ቁጥር ወረቀቱን እገነጥላለሁ። ያን ጊዜ ፖስተኛው ደብዳቤዬን ይመልሰዋል። አንድ የሐኪም ቀጠሮ እንዲሁ አመለጠኝ። በወር 9,000 ክሮና እከፍል ነበር። ባለ ውሉ ለድርጅቱ የሚከፍለው 5,200 መሆኑን ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው። ያገሬ ልጅ ነበር፤ ቡና አብረን እንጠጣለን። እስካሁን የሚያመኝ ይሄ ነው። እባካችሁ፣ ውል ያላችሁ ወገኖች፣ በገዛ ወገናችሁ ላይ ይህን አታድርጉ።

ሕጉ ይነሳ ግን አልልም። በ11ኛ ዓመቴ ወረፋው ደርሶኝ ስገባ፣ ከጎኔ አንዲት ጡረተኛ አገኘሁ። ባለ 3 ክፍል ቤት ውስጥ 40 ዓመት ኖረዋል፤ አሁን ብቻቸውን ናቸው። ኪራዩ ለገበያ ቢለቀቅ በዓመቱ ይወጣሉ። ከእሳቸው በታች ባለው ቤት ደግሞ 6 ነፍስ በ2 ክፍል ታጭቋል። እሳቸው ወደ ትንሽ ቤት መዛወር ይፈልጋሉ፤ አዲስ የተሠራው ትንሽ ቤት ግን ከአሮጌው ትልቅ ቤት ይወደዳል። ስለዚህ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። በእኔ አስተያየት፣ ቤት በብዛት ካልተሠራ ይህ አይፈታም። ነገሩ ለፖለቲከኞችም ከባድ ነው፤ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. የጠቅላይ ሚኒስትር ሎቭቬን መንግሥት በፓርላማ የመተማመኛ ድምፅ ያጣው የአዲስ ቤቶችን ኪራይ ለገበያ ለመልቀቅ በታሰበው እቅድ የተነሳ ነው።

አሁን ማድረግ ያለብሽ፦ ዛሬውኑ ወረፋው ላይ ተመዝገቢ፤ ዜግነት አይጠየቅም። በየዓመቱ የሚከፈል ክፍያ አለው። ክፍያውን ከረሳሽ የቆጠርሽው ቀን ሁሉ ይሰረዛል፤ ስንት ሰው በዚህ አልቅሷል። አንድራ ሃንድ ስትገቢ የድርጅቱን ፈቃድ በጽሑፍ አሳየኝ በይ። «ውል ልሽጥልሽ» የሚልሽን ሽሺው። ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚገዛውም ወንጀለኛ ነው። ከመጠን በላይ ከከፈልሽም የኪራይ ክርክር በሚያየው ዳኝነት በኩል ትርፉን መጠየቅ ይቻላል፤ ደረሰኞችሽን አትጣዪ።

የያዝሽውን ውል ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ፤ አብረን እናነበዋለን።