የባለቤቴ ቅድመ አያት ቺካሶ ነበረች ይባላል፤ ከየት ልጀምር?

ከሂውስተን፦

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ጥያቄዬ ከግሪን ካርድና ከቤት ኪራይ ወጣ ያለ ስለሆነ እንዳትስቁብኝ። ባለቤቴ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ቤተሰቦቹ ከኦክላሆማ፣ ከአርድሞር አካባቢ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ "ቅድመ አያታችን ቺካሶ ነበረች" ሲባል ነው የሰሙት። ቺካሶ ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ጎሳ ነው። አሁን ልጄ ትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ ተብላለች። በኔ በኩል አባቴ ከደብረ ብርሃን በስልክ እስከ ሰባት ቤት አስቆጠራት፣ በሃያ ደቂቃ አለቀ። በአባቷ በኩል ግን ከአያት አላለፍንም። የዲኤንኤ ኪት ልግዛ? የሞከረ ሰው አለ?

ከዳላስ፦

እህቴ፣ ኪቱን ተይው። ምራቅሽን ልከሽ የሚመጣው መልስ ቢበዛ "የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ይህን ያህል ከመቶ" የሚል ነው። ቺካሶ ይሁን ጎረቤቱ ጎሳ ቾክታው አይለይልሽም። ጎሳውም በዲኤንኤ ውጤት አባል አያደርግም። እኔም የባለቤቴን ቤተሰብ ስፈልግ ሁለት ዓመት ስለለፋሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቺካሶዎች መነሻቸው ኦክላሆማ አይደለም። አገራቸው ዛሬ ቱፔሎ ያለችበት ሰሜን ሚሲሲፒና ዙሪያው ነበር። በ1832 በፖንቶቶክ ውል መሬታቸውን አስለቀቋቸው፣ ከ1837 ጀምሮ ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። እዚያም ቾክታዎች ምድር ላይ ለመስፈር 530,000 ዶላር ከፍለው ነው የገቡት። በ1856 የራሳቸውን መንግሥት መልሰው አቋቋሙ። ይሄ ለምን ይጠቅመኛል ካልሽ፣ ሲሄዱ የቦታ ስሞቻቸውንም ይዘው ነው የሄዱት። ፖንቶቶክ የሚባል ካውንቲ ሚሲሲፒም አለ፣ ኦክላሆማም አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ የማይሆን ስቴት ውስጥ ስዳክር ከርሜያለሁ። ደግሞ አርድሞር ያኔ ፒከንስ ካውንቲ በሚባል ውስጥ ነበረች። ዛሬ በኦክላሆማ ካርታ ላይ ፒከንስ ብትፈልጊ አታገኚውም።

ዋናው በር የዶውስ መዝገብ ነው። መዝገቡን ያዘጋጀው የአሜሪካ መንግሥት የዶውስ ኮሚሽን በ1893 ተቋቋመ። ሥራው የጎሳውን የጋራ መሬት ለየሰዉ ማከፋፈል ስለነበር፣ ማን ይካፈላል የሚለውን ስም በስም መዘገበ። ምዝገባው በዋናነት ከ1898 እስከ 1906 ነው የተካሄደው፣ በመጋቢት 1907 ተዘጋ። ዛሬ የቺካሶ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው እዚያ መዝገብ ላይ "በደም" ተብሎ የተጻፈ ቀጥተኛ ወላጅ ወይም አያት ቅድመ አያት ማሳየት አለበት። የደም መጠኑ ትንሽ ነው ብለው አይመልሱም።

ስለዚህ ከቅድመ አያቲቱ አትጀምሪ። ከባለቤትሽ ጀምረሽ አንድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂጂ፣ በነዚያ ዓመታት በሕይወት የነበረ ሰው እስክታገኚ። በኦክላሆማ ልደት በስቴት ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ1908 ነው። ለዚያ ዘመን ሰው የሞት ሰርተፍኬት፣ የጋብቻ ወረቀትና የሕዝብ ቆጠራ ነው የሚረዳሽ። የ1900 ቆጠራ ላይ ለጎሳዎቹ የተለየ ቅጽ አለ። የ1950ው ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ክፍት ስለሆነ አማቶችሽን ራሳቸውን በልጅነታቸው ታገኛቸዋለሽ።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊ። ጸሐፊዎቹ በጆሯቸው የሰሙትን ነው የጻፉት። የኔ ስም እንኳ በመንጃ ፈቃዴ፣ በግሪን ካርዴና በልጄ ልደት ሰርተፍኬት ላይ ሦስት ዓይነት ነው።

ስሙን ካገኘሽ ሁለት ቁጥር ታያለሽ። አንዱ የሰውየው የመዝገብ ቁጥር ነው፣ ሌላው የካርድ ቁጥር። የሚጠቅምሽ የካርዱ ነው። ቤተሰቡ ባንድ ካርድ ላይ ተደርድሮ ተጽፏል፦ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ካውንቲ፣ የአባትና የእናት ስም፣ የሞተ ካለ "ሟች" ተብሎ። በዚያው የካርድ ቁጥር የማመልከቻውን ፋይል ደግሞ ፈልጊ። አንዳንዱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ላይ ግን ኮሚሽኑ ጠይቆ እነሱ የመለሱት ቃል በቃል ተጽፏል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፣ ባለቤትሽ ጥቁር ነው ስላልሽ። ቺካሶዎች ጥቁር ባሪያዎች ነበሯቸው። ከሚሲሲፒ ሲወጡም ይዘዋቸው ነው የመጡት። በ1866ቱ ውል ባርነት ቀረ፣ ጎሳው ግን ነፃ የወጡትን እንደ ዜጋ አልተቀበላቸውም። ስለዚህ የዶውስ መዝገብ ላይ ፍሪድመን (ከባርነት ነፃ የወጡ ማለት ነው) የሚባል ለብቻው የሆነ ዝርዝር አለ። በደም የተመዘገበው አማካይ መሬት 320 ኤከር ሲደርሰው ለፍሪድመን የተሰጠው 40 ነው። አባቷ ቺካሶ ሆኖ እናቷ ባሪያ የነበረች ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ፍሪድመን ዝርዝር ነበር የምትገባው። ቤቲ ሊጎን የምትባል ሴት በ1907 ከብዙ ሰዎች ጋር ሆና ወደ ደም መዝገብ አዛውሩን ብላ ፍርድ ቤት ከስሳ ነበር፣ አልተሳካላቸውም። ቼሮኪ የሚባለው ሌላ ጎሳ ጋ የፍሪድመን ዘሮች ዜግነት በ2017 በፍርድ ቤት ጸንቷል። ቺካሶ ጋ እስካሁን የለም።

የባለቤቴ ቅድመ አያት የተገኘችው እዚያ ነው። የፍሪድመን ካርድ ላይ የደም ድርሻ የሚል ዓምድ የለም። በዚያ ፈንታ "የማን ባሪያ ነበረች" የሚል አለ። ለእናቷም እንዲሁ፣ ለአባቷም እንዲሁ። አትሜ ወስጄ ለአማቴ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉና ደግመው አነበቡ። የጌታዋ ስም ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም ነው። "ይሄን በልጅነቴ ማንም አልነገረኝም" አሉ፣ ከዚያ ቡና አፈሉልን።

ስለዚህ ስትፈልጊ ሁለቱንም ዝርዝር እዪ። በደም የሚለው ላይ ስሟን ብታጪ ቤተሰቡ ዋሸ ማለት አይደለም።

ከኦክላሆማ ሲቲ፦

ጋሼ ጨርሰውታል፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የዶውስ መዝገብን መረጃ ጠቋሚ በኦክላሆማ የታሪክ ማኅበር ድረ ገጽ በነፃ መፈለግ ይቻላል። የሚያስከፍሉትን ድረ ገጾች ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት የሰፈርሽን ላይብረሪ ጠይቂ፣ ብዙዎቹ እዚያው ሆነሽ በነፃ ያስገቡሻል። የቾክታውንም ዝርዝር እንዳትዘዪ። ሁለቱ ጎሳዎች ጎረቤትም የተጋቡም ስለሆኑ ቺካሶ የተባለችው ሴት ቾክታው ሆና ልትመጣ ትችላለች።

ሁለተኛው፣ በ1930ዎቹ መንግሥት ሰው ቀጥሮ በኦክላሆማ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን አነጋግሮ ነበር። የሕንዳውያንና የሰፋሪዎች ወረቀቶች ይሉታል (ሕንዳውያን ያሉት የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች ነው)፣ የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ዘመድሽን ባታገኚ እንኳ ሰፈራቸውን ታገኛለሽ፦ የትኛው ወንዝ ላይ እንደተሻገሩ፣ ምን እንደበሉ፣ ማን ሱቅ እንደነበረው። መኪና ካላችሁ ደግሞ እዚሁ ኦክላሆማ ሰልፈር ከተማ የቺካሶ የባህል ማዕከል አለ። እዚያው ግቢ ውስጥ ሆሊሶ የሚባል የጥናት ቤት አላቸው፣ ስሙ በቋንቋቸው መጽሐፍ ማለት ነው።

ከሂውስተን፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለባለቤቴ ሳነብለት ፍሪድመን የሚለው ጋ ስንደርስ ዝም አለ። ከዚያ "አክስቴ ጋ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ወረቀት አለ" አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም! ቅዳሜ እንሄዳለን። አክስቲቱ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል፣ ግን ስም አይስቱም። ልጄ ጥያቄዎቿን በትልልቅ ፊደል እየጻፈች ነው።